ስም አስሮ ትርፍ መጠበቅ

በዘመናችን ጥቂት ጥሪት ላለው ወጣት ከሚሰጡት ምክሮች መካከል አንዱ፣ ሱቅ ሳይከፍት፣ ዕቃ ሳያመላልስ፣ ሠራተኛም ሳይቀጥር፣ በእጁ ባለችው ጥቂት መቶ ዶላር የዶሜይን ስሞችን፣ ማለትም የድረ ገጽ መጠሪያ አድራሻዎችን፣ አስመዝግቦ እንዲያስቀምጥና ከስሞቹ አንዱን አጥብቆ የሚሻ ባለጸጋ ድርጅት እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት እንዲቆይ የሚያሳስበው ነው። ምክሩ በማኅበራዊ መገናኛዎች ብቻ ሳይሆን በክፍያ በሚሰጡ ሥልጠናዎችም ጭምር ስለሚነገር፣ ሰሚው ተፈትኖ እንደ ተረጋገጠ የንግድ ጥበብ አድርጎ ይቀበለዋል። እኔ ግን ይህ ምክር በስሌቱም በምግባሩም የተሳሳተ፣ ለአነስተኛው ገንዘብ ኪሳራ፣ ለሚሠራውም ሰው መሰናክል መሆኑን ስለማምን፣ ምክንያቴን በተራ አቀርባለሁ።

ምክሩ ከምንም የተነሣ እንዳልሆነ መመስከር ይገባል። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም እ.ኤ.አ. በማርች 1985 ሲምቦሊክስ በተባለ የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ከተመዘገበ በኋላ፣ ዐሥር ዓመት ለሚሆን ጊዜ ምዝገባው ያለ ዋጋ ይፈጸም ነበር፤ ክፍያ በ1995 ሲጀመርም ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ብቻ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ የገቡት ሰዎች አጭሩንና ጥሩውን ስም ሁሉ ለቅመው ወሰዱ፤ ከእነዚያም ስሞች ቢዝነስ ዶት ኮም በ1999 በ7.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ቮይስ ዶት ኮም በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ዳሩ ግን የኋለኛውን ስም የሸጠው ማይክሮስትራቴጂ የተባለ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ እንጂ በጥቂት መቶ ዶላር የጀመረ ወጣት አልነበረም፤ ዛሬም የዶት ኮም መዝገብ ከ150 ሚሊዮን በላይ ስሞች የሰፈሩበት በመሆኑ፣ ለአዲስ ገቢ የሚተርፈው ሌላው አይቶ ያለፈው ቃርሚያ ነው። ከዚህም በላይ በየጊዜው ታትሞ የሚወጣው የሽያጭ ዝርዝር የተሸጡትን ብቻ ይቈጥራል፤ ገዢ አጥተው፣ የዓመት ማደሻ ክፍያቸውን የሚከፍል ሰው ተሰላችቶ የተዋቸውንና ከመዝገብ የተፋቁትን አእላፍ ስሞች ግን ማንም አይዘረዝራቸውም፤ ስለዚህም ተስፈኛው የአሸናፊዎቹን ስም ዝርዝር እያነበበ የተሸናፊዎቹን ብዛት ሳያውቅ ወደ ገበያው ይገባል።

እስቲ ስሌቱን ቀረብ ብለን እንመርምረው። አንድ ሰው 50 ስሞችን እያንዳንዱን በ12 ዶላር ሒሳብ ቢያስመዘግብ፣ በዓመት 600 ዶላር ያወጣል። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ራሳቸው እንደሚናገሩት፣ ከመቶ ስም በዓመት የሚሸጠው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። አንዱን ብንይዝ፣ ባለ ሃምሳ ስሙ ሰው ሊጠብቅ የሚችለው በሁለት ዓመት አንድ ሽያጭ ነው፤ እስከዚያው ድረስ 1,200 ዶላር ከኪሱ ወጥቷል። ስሙ በዚያው በ1,200 ዶላር ቢሸጥለት እንኳ፣ ሽያጩ የተፈጸመበት ገበያ 20 በመቶ ኮሚሽን ሲቈርጥ በእጁ የሚገባው 960 ዶላር ስለሆነ፣ ቀንቶት ሸጠ እየተባለ 240 ዶላር ይከስራል። ይህም ለቀናው ነው፤ ዕድሉ በዚህ መጠን ከሆነ፣ እንዲህ ካሉት ሦስት ሰዎች ከአንድ የሚበልጠው ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ስም ሳይሸጥ እንደሚቀር ሒሳብ ያስረዳል። በመቶ ሁለት የሚሸጥ አለ ቢባል፣ እርሱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተመረጡ ስሞችን በሺህ የሚቈጥር ነባር ነው እንጂ፣ ትናንት ገብቶ ቃርሚያውን የሰበሰበው አይደለም።

የምክሩ ጠበቆች ስሙን ከመሬት ጋር ያመሳስሉታል፤ መሬት ገዝቶ ማቆየት ያበለጸገ እንደ ሆነ ስም ይዞ ማቆየትም ያበለጽጋል ይላሉ። ነገር ግን መሬት ሳይታረስ እንኳ ሣር ያበቅላል፣ ለልጅም ይተላለፋል፤ የዶሜይን ስም ግን ኪራይ እንጂ ርስት አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ ሊያዝ አይችልም፣ ማደሻው ካልተከፈለም የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ አልፎ ለማንም ለፈለገው ይለቀቃል። ኪራዩም በዶላር የሚከፈል በመሆኑ የእኛን አገር ሰው በእጥፍ ይጎዳዋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ በለቀቀ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ በ34 ሺህ ብር ይታደሱ የነበሩት 50 ስሞች አንድም ሳይጨመርባቸው ከ60 ሺህ ብር በላይ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በዶት ኮም ምትክ የሚመረጡ ሆነው የመጡት አዳዲስ የስም መጨረሻዎች ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋቸው አነስተኛ ሆኖ ማደሻቸው ብዙ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ርካሽ ነው ብሎ የሰበሰበው ሰው ዕዳውን የሚያየው በዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ትርፉ የማይቋረጠው ስሙ ተሸጠም አልተሸጠም ክፍያውን የሚቀበለው መዝጋቢ ድርጅት፣ ከእርሱም በላይ የዶት ኮምን መዝገብ የያዘው ኩባንያ ቬሪሳይንና ሥልጠናውን የሚሸጠው አስተማሪ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ገንዘቡን ስለሚያጣው ሰው ነበር፤ ከዚህ የሚከፋው ግን በሌላው ላይ የሚደርሰው በደል ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ የሱቋን ስም፣ አንድ የመረዳጃ ማኅበር መጠሪያውን ሊያስመዘግብ ሲሄድ፣ ምንም ሥራ የማይሠራበት ሰው አስቀድሞ ይዞት 1,000 ዶላር ሲጠይቅበት ያገኘዋል። የንግድ ምልክቱን የተነጠቀ ሰው አቤት የሚልበት ሥርዓት አይካን በተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተደንግጓል፤ አቤት ባዩም ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ወይም አደናጋሪ መሆኑን፣ ያዡ መብት የሌለው መሆኑን፣ ያስመዘገበውና የተጠቀመበትም በክፉ ኅሊና መሆኑን ማስረዳት አለበት። ነገር ግን በዓለም የአእምሮ ንብረት ድርጅት ዘንድ በአንድ ዳኛ ለሚታይ አቤቱታ የሚከፈለው 1,500 ዶላር በመሆኑ፣ 1,000 ዶላር የጠየቀው ሰው በደሉን ከፍትሑ ዋጋ በታች ተምኖታል ማለት ነው፤ ልብስ ሰፊዋም መብቷን ከማስከበር ይልቅ መግዛቱ ይረክስባታል። በአንጻሩ ትልቁ ኩባንያ በጠበቃው ይመጣል፤ የአሜሪካ ሕግም ከ1999 ጀምሮ በክፉ ኅሊና በተያዘ አንድ ስም እስከ 100 ሺህ ዶላር ካሣ እንዲፈረድ ይፈቅዳል። እንግዲህ ይህ ንግድ በኃያሉ ፊት የሚያስፈራ፣ በደካማው ፊት የሚያስጨክን ነው።

አንዳንዱ፣ እኔ የማንንም ምልክት አልነካሁም፣ ተራ ቃላትን ነው የያዝሁት፣ ይህም እንደ ማንኛውም ንግድ ነው ይል ይሆናል። ሕጉ በዚህ አይከሰውም፤ ነገር ግን ነጋዴ የሚከበረው ዕቃን ከተትረፈረፈበት ወደ ጐደለበት በማድረሱ ነው። ስም ያዡ ያደረሰው ዕቃ የት አለ? ያ ስም እርሱ ባይቀድም ኖሮ ለሚሠራበት ሰው በዚያው በ12 ዶላር ይገኝ ነበር፤ ስለዚህ የሸጠው ራሱ ያቆመውን መሰናክል ማንሣቱን ነው። የኢንተርኔትን ስሞችና ቁጥሮች በአደራ ይመዘግብ የነበረው ጆን ፖስቴል በማርች 1994 ባወጣው ሰነድ፣ የአገርና የጠቅላላ የስም መጨረሻዎችን የሚያስተዳድሩ ሁሉ ስለ ባለቤትነት መብት ከመከራከር ይልቅ ለማኅበሩ ስለሚሰጡት አገልግሎትና ስላለባቸው ኀላፊነት እንዲያስቡ አሳስቦ ነበር። ለትላልቆቹ ባለአደራዎች የተሰጠው ይህ ተግሣጽ፣ አንዲት ስም ለያዘው ግለሰብ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ወጣቱ 600 ዶላር ካለው፣ በ12 ዶላር አንዲት ስም ይግዛ፤ ነገር ግን ሊሠራበት ይግዛ። ስሙን በድረ ገጽ ሠሪው ሳይሆን በራሱ ስም ያስመዝግብ፤ ለጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ይክፈል፤ የማደሻውን ማስታወቂያ በማይዘጋ የኢሜይል አድራሻ ይቀበል። የቀረውን ገንዘብ ሙያውን ለሚያሰፋበት መሣሪያ፣ ለትምህርቱ፣ ሥራውን ለሚያሳይበት ገጽ ያውለው። ስም ዋጋ የሚያገኘው በተሸከመው ሥራ ነው፤ ሥራ የሌለበትን ስም ይዘው ሀብት ይሆናል የሚሉት መምህራንም፣ ሌላውን ከማስተማራቸው በፊት የራሳቸውን ሒሳብ፣ ከተሸጡት ጋር ያልተሸጡትን ደርበው፣ በአደባባይ ያሳዩን።