ከሕሙማን አልጋ አጠገብ የጎደለው ሚዛን

በአገራችን «ወፈርክ፤ ተመችቶሃል» ማለት እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ያው ሰው ታሞ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ግን ውፍረቱ ተግሣጽ ያስከትልበታል። ምርቃቱም ሆነ ተግሣጹ በኢንፍሉዌንዛ ተይዞ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው አይጠቅመውም። የሚጠቅመው መለካቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋምም ይኸው ነው፦ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ በኢንፍሉዌንዛ ሳቢያ ሆስፒታል ለገባ ሰው፣ እንደ ትኩሳትና እንደ ልብ ምት ገና ከመጀመሪያው ሊመዘገብ የሚገባው የአደጋ ምልክት ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ኤች1ኤን1 የተሰኘው አዲስ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ዓለምን ባዳረሰበት ወቅት ነው። በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ስለታከሙ 10 ሰዎች የወጣው ዘገባ፣ 9ኙ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንደነበራቸው፣ 5ቱ በሳንባቸው የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም እንደተገኘባቸው፣ 3ቱም እንደሞቱ ገለጸ። በካሊፎርኒያም ሆስፒታል ከገቡትና ከሞቱት አዋቂዎች መካከል ክብደታቸውና ቁመታቸው የታወቀው 268 ሲሆኑ፣ 58 በመቶው ከልክ በላይ ወፍራሞች ነበሩ። በጊዜው ከአገሪቱ አዋቂዎች እንዲህ ያለ ውፍረት የነበራቸው ሲሦ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ልኩ የሚታወቀው ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ በማካፈል ነው። ውጤቱ 30 ሲደርስ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ ከ40 ጀምሮ ደግሞ እጅግ የከፋ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 120 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው 41.5 ያገኛል።

ውፍረት ከሳንባ ሕመም ጋር ምን አገናኘው? አንደኛው ምክንያት አካላዊ ነው። በሆድ አካባቢ የተከማቸው ስብ፣ በተለይ ታማሚው በጀርባው ሲተኛ፣ ድያፍራምን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳንባም የሚዘረጋበት ስፍራ ይጠበዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከዓይን የተሰወረ ነው። ስብ የጉልበት ጎተራ ብቻ ሳይሆን እንደ ሌፕቲን ያሉ ሆርሞኖችን የሚያመነጭ ሕያው አካል ነው፤ ሲበዛ ሰውነትን በማያቋርጥ ዝቅተኛ ብግነት ውስጥ ያቆያል፣ ቫይረስን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ሥራም ያውካል። በኒካራጓ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ኤ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ምልክት ያሳዩ ወፍራም አዋቂዎች ቫይረሱን ከሌሎች 42 በመቶ ለሚረዝም ጊዜ እንደሚያስወጡ አመልክቷል።

«ጥፋቱ የውፍረት ሳይሆን አብረውት የሚመጡት የስኳርና የልብ በሽታዎች ነው» የሚሉ አሉ። መከራከሪያው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በ2009ኙ ወረርሽኝ፣ ሌላ ሥር የሰደደ በሽታ በሌለባቸው ዘንድ ሳይቀር፣ ልኩ 40ና ከዚያ በላይ መሆኑ ሆስፒታል ከመግባት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በየዓመቱ በሚመላለሰው ኢንፍሉዌንዛ ላይ ግን ጥናቶች ሁሉ አልተስማሙም፤ ሆስፒታል ከገቡት መካከል በውፍረትና በሕመሙ ብርታት መካከል ግንኙነት ያላገኙም አሉ። ይህ አለመስማማት ግን መለካትን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። በካሊፎርኒያው ጥናት ሊቆጠሩ የቻሉት ልካቸው የታወቀው ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የመለካት ጥቅም ለጥናት ብቻ አይደለም። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሰው የሚሰጠው የአየር መጠን የሚሰላው ከቁመቱ ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይሰፋምና። በክብደቱ ቢሰላለት ሳንባው ከአቅሙ በላይ ተነፍቶ ይጎዳል። ስለዚህ መቆም ለማይችለው ታማሚ ቁመቱን በተኛበት በሜትር መለካት ቀላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ሥራ ነው።

ልኩ 40 የደረሰ ታማሚ፣ ወጣትና ሌላ በሽታ የሌለበት ቢሆንም፣ «ጠንካራ ነው፤ ይወጣዋል» ተብሎ ሊተው አይገባም። ኦሴልታሚቪርን የመሰለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነውና፣ በሚገኝበት ሁሉ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ሊጀመርለት፣ በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠንም ቶሎ ቶሎ ሊታይለት ይገባል። ስለ አመጋገቡና ስለ አኗኗሩ ምክር የሚሰጥበት ጊዜ ካገገመ በኋላ ይመጣል። አልጋ ላይ ሳለ ግን ክብደቱ ለሐኪሙ መረጃ ይሁን እንጂ ለታማሚው መወቀሻ አይሁን።