እጅ የሰጠ ሁሉ ፈሪ ነውን?

በመዝናኛ ክበባችን ቼዝ የሚጫወት ሰው ንጉሡ ሳይያዝ «በቃኝ፣ ተሸንፌአለሁ» ካለ፣ ዙሪያውን የከበበው ተመልካች አይምረውም። «ፈሪ! ገና ስንት ወታደር አለህ!» ይባላል። እኛ ግን ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። ለምን ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ በተጀመረው የአሜሪካ ሻምፒዮና የሆነውን እናንሣ።

ሮበርት በርን ነጭ፣ ቦቢ ፊሸር ጥቁር ይዘው ተገናኙ። በርን የ35 ዓመት ሰው ነው፤ ፊሸር ደግሞ እንደኛው የ20 ዓመት ጎረምሳ። በ15ኛው እርምጃ ፊሸር አንድ ፈረሱን በአንድ ወታደር ለወጠ። ወዲያው ሁለተኛው ፈረሱ ዘልቆ ገባና የነጩን ንግሥትና ግንብ ባንድ ጊዜ አስፈራራ። ንግሥቲቱ ሸሸች። እንግዲህ ግንቡን ይበላል፤ በርንም የጠበቀው ይህንኑ ነበር። አልበላም! የንጉሡን ደጅ የሚጠብቀውን ጳጳስ በላ። ግንብ ከጳጳስ እንደሚበልጥ ጀማሪም ያውቃል እኮ! ግን ጳጳሱ ሲሄድ ንጉሡ በሩ ተከፍቶ እንዳደረ ቤት ሆነ።

ፊሸር በ21ኛው እርምጃ ንግሥቱን እንዳንቀሳቀሰ በርን እጁን ሰጠ። ሰሌዳው ላይ ግን ነጩ ፈረስ ለአንድ ወታደር ይበልጥ ነበር! በሌላ ክፍል ጨዋታውን ለተመልካች ያብራሩ የነበሩ ሁለት ግራንድማስተሮች እንኳ አሸናፊው በርን ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በርን ምን አየ? ንግሥቱን ለመከላከያ ቢያመጣት፣ የፊሸር ንግሥት ከንጉሡ ጎን ትገባለች፤ ፊሸር ግንቡን ሠውቶ የነጩን ግንብ ከቦታው ይስባል፤ ጳጳሱ ፈረሱን በልቶ የነጩን ንግሥት ቸንክሮ ይይዛታል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ መውጫ የለውም።

ታዲያ ጨዋታውን ያወቀው ማን ነው? የተረፈውን ሠራዊት የቆጠረው ወይስ የተሸነፈው? ፊሸር በዚያ ሻምፒዮና 11 ተጫውቶ 11ዱንም አሸነፈ፤ ስሙም የሚነሣው የሱ ነው። እኛ በበኩላችን ለበርንም እናጨበጭባለን። ይኸው «ፈሪ» የ1972ቱን የአሜሪካ ሻምፒዮና አሸንፏል።

«ባላጋራው ሊሳሳት ይችላል እኮ» የሚሉ ጓደኞች አሉ። በኛ ደረጃ እውነትነት አለው፤ እስከ መጨረሻ መጫወት የፈለገ ይጫወት፣ ማን ከለከለው? ጥያቄያችን ለተመልካቹ ነው። በሚቀጥለው የክፍሎች ውድድር አንዱ «በቃኝ» ሲል ከስድቡ በፊት «ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሰሌዳውም ሳይፈርስ ያሳየን።