«ታዘብን» ያለውን ገበሬ መተርጎም

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ የማኅበራዊ ሳይንስ የማስተርስ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ መረጃቸውን በአማርኛ ወይም በሌላ የሀገር ቋንቋ ሰብስበው ውጤታቸውን በእንግሊዝኛ ያቀርባሉ። በዚህ ሂደት ስለ ናሙና አመራረጥና ስለ መጠይቅ አስተማማኝነት ብዙ ይባላል፤ መላሹ ቃሉን በምን መንፈስ እንደ ተናገረ ለሚያመለክተው ግሥ ግን እምብዛም ትኩረት አይሰጠውም። አጥኚው አንድ ግሥ እንዳይደጋገምበት ሲል ብቻ አንዱን መላሽ «ሪማርክ» አደረገ፣ ሌላውን «ኮሜንት» ሰጠ፣ ሦስተኛውን «ኦብዘርቭ» አደረገ እያለ ያፈራርቃል።

እንግሊዝኛው ራሱ ሦስቱን አይደባልቃቸውም። «ሪማርክ» ዐይን ያረፈበትን ነገር በጨዋታ መካከል ጣል ማድረግ ነው፤ መልስ አይጠብቅም። «ኮሜንት» በቀረበ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ ቃል ስለሆነ፣ የተጠየቀ ባለሥልጣን አልሰጥም ሊል ይችላል። «ኦብዘርቬሽን» ደግሞ ተናጋሪው አይቶና አጢኖ የደረሰበት መሆኑን ያስገነዝባል።

አማርኛ የሚከፍለው በሌላ መስመር ነው። ለዚህ «ታዘበ» ከሚለው ቃል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መዝገበ ቃላት ገልጦ ለሚተረጉም ሰው ቃሉ «ኦብዘርቭ» ነው። ይሁንና «ታዘብሁህ» የተባለ ሰው ተመለከቱኝ ብሎ አይረዳም፤ ከእርሱ የማይጠበቅ ነገር ታይቶበታል፣ የታዘበውም ሰው ያየውን በሆዱ ይዞ ቆይቷል። የጥናት ዘዴ ምዕራፎች በአማርኛ ሲጻፉ «ምልከታ» የሚለውን መርጠው «ትዝብት»ን መተዋቸው ልዩነቱ እንደሚታወቅ ያሳያል። (የምርጫ «ታዛቢ» ከወቀሳው የጸዳ ይመስላል፤ ያ ግን የጽሕፈት ቤት አማርኛ ነው።)

ነገሩ በምሥራቅ ጎጃም ሲታይ ክብደቱ ይገለጣል። የጥኖራ በደርግ ዘመን በገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበርዋ የታወቀች ናት። ከደጀን እስከ ብቸናና ሞጣ ያለው ገበሬ የ«ሂስና ግለ ሂስ»ን ዘመን አይቷል፤ ከዚያም በኋላ የ«ግምገማ»ን። በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በቀድሞው ሥርዓት የቀበሌ ሹመት የነበራቸው ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደርጓል። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ስለ ጎረቤቱ በስብሰባ የሚናገረው ቃል እንደ ዋዛ የሚወሰድ አልነበረም።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ቀበሌ አንድ ወጣት ተመራማሪ ሽማግሌዎችን ሰብስቦ «እስቲ አስተያየታችሁን ስጡ» ቢል፣ የጠየቀው ቀላል ነገር መስሎት ይሆናል። «አስተያየት» ሥሩ «አየ» ነው፤ በስብሰባ ልማድ ግን ተነሥቶ አቋምን ማስመዝገብ ሆኗል። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «ምን አስተያየት አለ፤ ታዝበናል» ቢሉ፣ አንድ ነገር እንደ ነቀፉ ተናግረዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አይመዘግቡም። በእንግሊዝኛው ይህ «መላሹ ምንም ኮሜንት የላቸውም፤ ኦብዘርቭ አድርገዋል» ሆኖ ሲወጣ የጥናቱ ዋና ግኝት ከሠንጠረዡ ወጥቶ ቀረ ማለት ነው። «ጣል አደረጉ»፣ «ወጋ አደረጉ»፣ «አሽሟጠጡ»፣ «ገሠጹ» የሚባሉትም ሁሉ በአንድ «ኮሜንት» ሥር ይጠቃለላሉ፤ ተግሣጽ ከታላቅ ወደ ታናሽ እንደሚወርድ፣ አሽሙር ግን ፊት ለፊት መናገር በማይቻልበት ቦታ እንደሚወለድ የሚነግረን አይኖርም።

በተቃራኒው ያለውም አደጋ ቀላል አይደለም። ለብቸና ቅርብ የሆነችው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች በመሆኗ፣ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ «ሰምና ወርቅ» የአማራ ባህል መፍቻ ቁልፍ ሆኖ በመቅረቡ፣ የገበሬውን ንግግር ሁሉ እንደ ቅኔ የመፍታት ዝንባሌ ይታያል። ማዳበሪያ ተወደደ ያለ ገበሬ ብዙውን ጊዜ ማዳበሪያ ተወደደ ማለቱ ነው።

የገጽ ብዛት ውስን ነው፣ የውጭ ፈታኝ አማርኛ አያነብም የሚለው መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን «ታዝበናል» የሚለውን ቃል እንዳለ አስቀምጦ ትርጉሙን ከጎኑ ማብራራት፣ ማን በተገኘበት እንደ ተነገረ መጨመርም ከሁለት መስመር አያልፍም። ግሡ አጠራጣሪ በሆነበት ቦታ ደግሞ «አሉ» በቂ ነው። ገጹን ከድግግሞሽ ለማዳን ሲባል ሽማግሌው ያልፈጸሙትን የንግግር ድርጊት በስማቸው መመዝገብ፣ ያልተናገሩትን ቃል በአፋቸው ከማድረግ ብዙም አይለይም።