ሥልጠናው አዳማ፣ ወንዙ ደገሀቡር

«አቅም ግንባታ» ማለት ሦስት ቀን ሆቴል፣ አበል፣ የቡድን ፎቶና ሰርተፍኬት ከሆነ ሰነባብቷል። ወንዝ ግን ሰርተፍኬት አያነብም።

ደገሀቡር ያለችው በጀረር ሸለቆ ነው። ጀረርና ፋፈን የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ አካል ናቸው። ዋቢ ሸበሌ ራሱ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ ሶማሊያ ይገባል። በግንቦት 2015 በለድወይንን ያጥለቀለቀው ይኸው ወንዝ ነው።

ኢትዮጵያና ሶማሊያ በዚህ ወንዝ ላይ የተፈራረሙት የውኃ ስምምነት የለም። በአዋጅ ቁጥር 534/1999 መሠረት ዓባይ፣ አዋሽና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የየራሳቸው ባለሥልጣን ተቋቋመላቸው፤ ዋቢ ሸበሌ ቀረበት። ለዓባይ ስንት ተደራዳሪና ተመራማሪ ያፈራች አገር ለዚህኛው ማንን አዘጋጀች?

«ጀረር እኮ ዓመቱን ሙሉ አይፈስም» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ አይደል? ከርሞ ደርቆ በበልግ፣ ሶማሌዎች «ጉ» በሚሉት ወቅት፣ በአንድ ሌሊት የሚሞላን ወንዝ የሚያውቀው አጠገቡ ሆኖ የለካው ብቻ ነው። ያልተለካ ውኃ ደግሞ ለማስጠንቀቂያም ለድርድርም አይሆንም።

የሚያስፈልገው ሰው ሩቅ አይደለም። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ አለ። የአካባቢው ወጣት ከበለድወይን የውኃ ባለሙያ ጋር ያለ አስተርጓሚ በሶማሊኛ ይግባባል። ይህን ዕድል የትኛውም የሆቴል ሥልጠና አይሰጥም።

ስለዚህ የአበሉ ብር የወንዝ ከፍታ መለኪያ ይግዛ፤ መዝጋቢ ይቅጠር፤ የሠለጠነውም በስድስት ወር ወደ ሌላ ቢሮ አይዛወር። ተፋሰስ የሚጠበቀው በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሳይሆን በየማለዳው ወንዝ ወርዶ በሚለካ ሰው ነው።