ሕመምተኛው ራሱ ይናገር

ወደ እንጦጦ ጋራ የሚወጣ ሰው በማለዳ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያጋጥመዋል። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችና የአእምሮ ሕመምተኛ ዘመዳቸውን ይዘው ወደ ጸበሉ ሽቅብ የሚወጡ የገጠር ቤተሰቦች ናቸው። አንዳንዱ ሕመምተኛ እጁ ታስሮ ነው የሚመጣው።

እኔ የተማርኩት ስለ አፈርና ስለ ዘር እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም። ሆኖም አንድ ገበሬ ከጸበል መልስ ወንድሙን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሲወስድ አብሬ ነበርኩ። ሠራተኛው፣ «መቼ ጀመረው? ይማታል? ይበላል?» እያለ ወንድምየውን ይጠይቃል። ሕመምተኛው እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። ክኒን ተሰጠ፤ ምን እንደሚሠራ፣ እንቅልፍና የአፍ መድረቅ ሊያመጣ እንደሚችል ለሚውጠው ሰው የነገረው የለም። በኋላ ክኒኑ ከሣር ክዳኑ ውስጥ ተወሽቆ መገኘቱን ሰማሁ።

አልፈርድም፤ እኔም ማሳ ዳር ቆሜ ስለ መስመር ዘር ለረጅም ጊዜ ካስተማርኩ በኋላ ገበሬው ራሱን ነቅንቆ ሸኝቶኝ በነጋታው እንደ ልማዱ በትኗል። ለምን እንደማይመቸው አልጠየቅሁትም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች መመሪያ አውጥቷል። በ2016 የተሻሻለው እትም የየሕመሙን ዓይነት ከመዘርዘሩ በፊት ስለ አነጋገር ያስተምራል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ማዳመጥ፣ ሕመምተኛውን በውይይቱ ማሳተፍ፣ ምስጢሩን መጠበቅ፣ ሳይፈርዱ በአክብሮት መናገር። በአገራችንም በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በዚሁ መመሪያ ሠልጥነው አገልግሎቱን እዚያው ሰጥተዋል። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል እንደነበረ ለሚያስታውስ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሥልጠናው የመድኃኒት ስም ማስጠናት ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ባክኗል ባይ ነኝ። ሠልጣኙ ከሕመምተኛ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መለማመድ አለበት። ገበሬው «ድብርት ይዞኛል» አይልም፤ «ጭንቅላቴ ይቃጠላል፣ ልቤ ፈራ» ይላል። «ሰይጣን ነው» ቢልም፣ የሳቀበት ሠራተኛ ያን ሰው ዳግመኛ አያየውም። «ጸበሉን እየተጠመቁ ክኒኑንም ይውሰዱ» ያለው ግን ሳያየው አይቀርም።

የገበሬ ማህበር መሪዎችም ድርሻ አለን ማለት ይገባችኋል። በስብሰባ ላይ «እብዱ እገሌ» የሚለው አጠራር በመጀመሪያ ከእናንተ አፍ ይጥፋ። ሕመምተኛ አጅባችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱም እናንተ ከመናገራችሁ በፊት እሱ ይናገር። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሰው ሲመጣ ስለ ወባና ስለ ክትባት እንደምትጠይቁ ሁሉ ይህንንም ጠይቁት፤ በጣቢያችን ካሉት ሠራተኞች መካከል ሕመምተኛን ማነጋገር የሠለጠነው ስንቱ ነው? የቀሩትስ መቼ ይሠለጥናሉ?