ሕፃን በሌሊት ሲያስመልሰው አባትም ይነሣ



ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገድና ስለ ጉዳይ መጓተት ብዙ ሰዎች በዚህ ዓምድ ጽፈዋል፤ ሁሉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ሕፃን ልጅ በሌሊት ሲያስመልሰው በየቤታችን ስለሚደረገው ነገር ያለኝን አስተያየት ለመግለጽ እወዳለሁ። ይህ የነርሶች እንጂ የጋዜጣ ነገር አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ነርስ በቤቱ እንደሌለች ያስብ። በዚያ ሰዓት ነርሱም ሐኪሙም የቤቱ ሰው ነው።

ሕፃናትን በድንገት የሚያስመልሳቸው ብዙውን ጊዜ የሆድ ሕመም ሲሆን፣ አብዛኛው በጥቂት ቀን ውስጥ ለራሱ ይበርዳል። ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው ማስመለሱ ሳይሆን፣ ከሰውነቱ የወጣው ውኃና ጨው ሳይተካ መቅረቱ ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የሰውነት ውኃ ሲጎድልም ነገሩ እንዲሁ ነው። ማምሻውን ሲጫወት የነበረ ልጅ ንጋት ላይ ዓይኑ ጎድጉዶ ይገኛል።

በተማረ ሰው ቤት ሳይቀር የሚታየው ግን የሚገባው ተቃራኒ ነው። አንዱ «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ውኃ ይከለክላል። ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ ያጠጣል። ሦስተኛው ለስላሳ መጠጥ ይሰጣል፤ የበዛው ስኳር ግን ውኃን ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያብሳል። ሌላው ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ወይም «ግግ ነው» ብሎ ልጁን ለምላጭ አሳልፎ ይሰጣል፤ በዚህም ደም መፍሰስና ሌላ በሽታ ይጨመርበታል እንጂ ትውከቱ አይድንም።

ባለፈው ክረምት በምኖርበት ሕንፃ የአንድ ጎረቤቴ የ2 ዓመት ሴት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ አደረች። አባትየው በማግስቱ ስብሰባ ስላለበት በሌላ ክፍል ተኝቶ ነበር። እናቲቱም ብቻዋን ሆና፣ በስልክ በተሰጣት ምክር መሠረት ውኃ ስትከለክላት አደረች። ሲነጋ በሬን አንኳኩና አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ልጅቱ ታለቅስ ነበር፤ እንባ ግን አልነበራትም። እዚያ ያገኘናት ነርስ የተጠቀመችበት መሣሪያ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነበር። ከቀትር በኋላ ልጅቱ ፍርፍር ጠየቀች። የሻይ ማንኪያ የሌለበት ቤት በከተማችን ይገኛልን?

ስለዚህ አባቶችም እናቶችም ልናውቀው የሚገባው ይህ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለት ኦ.አር.ኤስ፣ አንዱን ከረጢት እንዳለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን መድፋት። ልጁን ቀና አድርጎ በየ1 ወይም በየ2 ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ መስጠት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ታግሦ እንደገና ይበልጥ በዝግታ መጀመር፤ ጡት የሚጠባም ከሆነ ጡቱን አለመከልከል። ከረጢቱ ቢጠፋ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያገለግላል፤ ነገር ግን ጨው ሲበዛ ስለሚጎዳ መጠኑ አይለፍ። ተቅማጥ ካለበት ጤና ባለሙያ የሚያዘው ዚንክ ይጨመራል።

ነገር ግን ለማንኪያ የማይተው ምልክት አለ። የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት፣ ለ6 ሰዓት ያህል ካልሸና፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ አንገቱ ከገተረ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ወይም ገና የጥቂት ሳምንታት ሕፃን ከሆነ፣ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

ይህ ነገር ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ወደ ሕንድ የተሰደደው ሕዝብ በኮሌራ ሲያልቅ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስላለቀባቸው ስኳርና ጨው በውኃ እያስበጠበጡ የታማሚዎቹ ቤተ ሰቦች እንዲያጠጡ አደረጉ። ቀድሞ ከ100 ታማሚ 30 ያህሉ ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ። ከዚያም በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ከ12 ሚሊዮን በሚበልጥ ቤት አስተማሪ ተልኮ እናቶች ስለ አበጣጠሩ ተማሩ። አብዛኞቹ ፊደል ያልቆጠሩ ነበሩ። እነዚያ ከተማሩት፣ ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሰቀልን እኛ መማር እንዴት ያቅተናል?

ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በራችንን ሲያንኳኩ እኛ ባልና ሚስት ቢሮ ነን፤ በሩን የምትከፍተው ከገጠር በቅርብ የመጣች ልጅ ናት፤ እርሷም «ጌቶች የሉም» ብላ ትሸኛቸዋለች። ማታ ሕፃኑ ሲታመም የማታውቀው እርሷ፣ የደከመችው እናትና የተኛው አባት ይቀራሉ።

እንግዲህ በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየቤቱ 2 ወይም 3 ከረጢት ኦ.አር.ኤስ እንደ በርበሬና እንደ ጨው ሳይታጣ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ከምንሰጠው ረጅም ሰዓት ግማሽ ሰዓት ተቀንሶ፣ አንድ ነርስ ተጋብዛ በጥባጥና በማንኪያ ታሳየን፤ የቤት ሠራተኞቻችንንም እኛው እናስተምር። ሦስተኛ፣ ሌሊቱ በባልና በሚስት መካከል ይከፈል፤ እስከ 8 ሰዓት አንዱ ማንኪያውን ቢይዝ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ሌላው ይያዝ። በየ2 ደቂቃው ማጠጣት ትዕግሥት እንጂ የእናትነት ልዩ ጥበብ አይጠይቅምና።

ለመከላከሉም፣ ብዙ ሕፃናትን ያስመልስና ያስቀምጥ የነበረው የሮታ ቫይረስ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2013 በሀገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ ስለ ገባ፣ ቀኑን ሳያሳልፉ ማስከተብና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ነገ ጠዋት ቢሮ እንቅልፍ አጥቶ የገባ አባት ቢታይ፣ አለቃው «ምነው ዘገየህ?» ከማለቱ በፊት «ልጁ እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቅ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ