«ፎርማት ነው የሚፈልገው» ወይስ «ፎርማት ነው የሚቀለኝ»?

ምን አለሽ ተራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የተጣመመ ሚስማር ተቃንቶ ይሸጣል። ያለቀ የመኪና ጎማ በርባሶ ይሆናል። የዘይት በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል። እዚያ ሰፈር «ይጣል» የሚባል ቃል የለም። ሁሉም ነገር አንድ ዕድል አለው።

ከዚያው እልፍ በሉና አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ግቡ። «አፕግሬድ እያደረገ ተቋረጠብኝ፣ አልነሳም አለ» በሉ። ልጁ ማሽኑን ሳይነካ፣ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ይመልስላችኋል። «ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

የዛሬው ጠቤ ከዚህች አባባል ጋር ነው።

መጀመሪያ ግን የነገሩን ምንጭ እንናገር። ዊንዶውስ 10 የወጣው ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን አቆመና «ወደ 11 ተሻገሩ» አለ። በምን? ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በየቤታችን ያለው ምንድን ነው? ከውጭ አገር ቢሮ ተጥሎ የመጣ፣ «ኮር አይ ፋይቭ፣ ፎርዝ ጄኔሬሽን» ተብሎ የተሸጠልን ማሽን ነው። ይሠራል፤ ይጽፋል፤ ፊልም ያሳያል። ኩባንያው ግን ጊዜህ አልፏል አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ሲንሳፈፍ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ አዲስ ላፕቶፕ ግዛ ማለት ለብዙዎቻችን ቀልድ ነው።

ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የሚቆይ የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማገናኘት ያለ ክፍያ ይገኛል። ይህን ከስንት ጥገና ቤት ሰማችሁ? እኔ ከአንዱም አልሰማሁም።

እናም እንደ ብዙዎቻችሁ አቋራጭ ፈለግኩ። የቺፑን ፍተሻ በሚያዘልል ፍላሽ የቤቴን ዴስክቶፕ ወደ 11 ማሳደግ ጀመርኩ። 64 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ሰማያዊ ስክሪን፤ ሪስታርት፤ እንደገና ሰማያዊ ስክሪን። ጥፋቱ እስከዚህ ድረስ የራሴ ነው። ባክአፕ አልነበረኝም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ጀመርኩ፤ ማንንም አልከስም።

ማሽኑን ተሸክሜ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። አንዱ ቤት ያለው ልጅ ያቺኑ ቃል አለኝ። «ፋይሎቼስ?» አልኩት። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» አለኝ። እኔም ሞኙ ተረጋጋሁ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ማሽኑ አዲስ ሆኖ ተነሳ። 400 ብር ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ዴስክቶፑ ባዶ ነው።

ልብ በሉ፤ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ የምናስቀምጠው ነገር በአብዛኛው ያለው ሲ ላይ ነው። ልጁ አልዋሸም። የእኔ ፋይሎች የት እንዳሉ ግን አልጠየቀም። እዚያ ውስጥ ለአንድ ጽሑፍ ስሰበስበው የከረምኩት የ11 ሰዓት ድምፅ ነበር። የድሮ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የአውቶቡስ ተራ ሻንጣ ተሸካሚዎች። አንደኛው ጋሼ በረዳትነት ዘመናቸው በጎጃም መስመር አባይ በረሃን ሲወርዱ ተሳፋሪው እንዴት ዝም እንደሚል አውግተውኝ ነበር። ካወጉኝ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ልጆቻቸው ድምፃቸውን እንድሰጣቸው ጠይቀውኝ፣ እሺ ብዬ፣ ዛሬ ነገ ስል ነበር።

ሁለተኛ ቤት ወሰድኩት። እዚያ ያገኘሁት ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ከፎርማቱ በኋላ ስንት ቀን ተጠቀምክበት?» የሚል ነበር። ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ፣ ሁለት ቀን አሥሶ፣ ስማቸው የጠፋ በቁጥር የተሰየሙ ፋይሎች መለሰልኝ። ወደ ሦስት ሰዓት የሚሆን ድምፅ ተገኘ። የጋሼ ድምፅ ግን የለም። «በፊት ብትመጣ ኖሮ ሁሉም ቦታው ላይ ነበር» አለኝ።

ሁሉም ቦታው ላይ ነበር! የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አፕግሬድ ከሸፈ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። ኢንስታለሩ መሻገር ሲያቅተው ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል። መመለሱ እንኳ ቢበላሽ፣ ሲስተሙ አልነሳም አለ እንጂ ፎቶውና ጽሑፉ በአብዛኛው እዚያው ዲስኩ ላይ ነው። በፍላሽ ሊኑክስ አስነስቶ ወይም ዲስኩን ነቅሎ መገልበጥ ይቻላል። ቦታ ማነስ ይሁን፣ የድራይቨር አለመስማማት ይሁን፣ የዲስክ ብልሽት ይሁን፣ የስህተት ኮዱ ፍንጭ ይሰጣል። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ፎርማቱም አያድነውም፤ ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። ትኋን ለማጥፋት ቤት ማቃጠል ይሉታል ይሄ ነው።

አውቃለሁ፤ የጥገና ባለሙያ ወዳጆቼ መልስ አላቸው። «ፎርማት አንድ ሰዓት ነው፤ ምርመራው ግማሽ ቀን። ደንበኛው ለምርመራ አይከፍልም። ኪራዩን ማን ይክፈልልኝ?» እውነት ነው። እኛ ደንበኞችም «ቶሎ በል፣ ቀንስ» እንጂ «በደንብ እየው» ብለን አናውቅም። መኪናችንን ሳያዩ «ሞተር ይቀየር» ያለንን መካኒክ ግን አናምነውም። ኮምፒውተር ላይ ምን ነካን?

መልሱ ክፍያውን መለየት ነው። ለምርመራ ይህን ያህል፣ ፋይል ለማውጣት ይህን ያህል፣ ለፎርማት ይህን ያህል ተብሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እኔ በበኩሌ ለመጀመሪያው ልጅ ሦስት እጥፍ ብከፍለውና የጋሼን ድምፅ ቢያወጣልኝ ትርፉ የእኔ ነበር።

እስከዚያው እነዚህን ያዙ። አፕግሬድ ከመጀመራችሁ በፊት የማይተካውን ፋይል ሁለት ቦታ ገልብጡ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩት፤ ባትሪውም ይሙላ። ፐርሰንቱ ቆመ ብላችሁ ቶሎ አታጥፉ፤ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ከከሸፈ የስህተት ኮዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጥገና ቤት ስትገቡ «ፋይሉ ሳይወጣ ምንም እንዳትነካ» በሉና በወረቀት አስፈርሙ። ፎርማት ከተደረገ ደግሞ ወዲያው አጥፉት። በተጠቀማችሁ ቁጥር አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ኤስኤስዲ ከሆነማ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ እኔን ጅቡ በልቶኛል። የጋሼን ልጆች ሳገኛቸው ምን እንደምላቸው እስካሁን አላውቅም።

እዚያ ማዶ የተጣመመ ሚስማር የሚያቃና እጅ እያለ፣ እዚህ ማዶ የሰው ድምፅ ሳያይ የሚያጠፋ እጅ ሊኖረን አይገባም። የመርካቶ ሙያ መጣል አይደለም፤ ማዳን ነው።

ይህን ጽሑፍ ጥገና ቤት ላለው ወዳጃችሁ ላኩለት። ቢቆጣም ያንብበው።